ፔዳሉን የረገጥኩበት ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ታምራት የመኪናችንን የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በገዛ እጁ ሊቀይር ተነሣ። ጋራዥ ጠፍቶ አይደለም፤ ታምራት ሌላ ሰው መኪናውን ሲፈታ ቆሞ ማየት የማይችል ሰው ስለሆነ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ከመጣ ጀምሮ ካርቶኑን ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ክዳኑን እየከፈተ የሚያብለጨልጩትን ሁለት ዲስኮች ሲያይ ሰንብቷል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ልብሱን ቀየረና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጎ መኪናዋን በክሪክ አነሣ፣ የፊት ጎማዎቹን አወለቀ፣ በዝገት የተጣበቁትን አሮጌ ዲስኮች በመዶሻ እየደበደበ አላቀቀ፣ አዲሶቹን ገጠመ። የቀረው የጠቆረውን የፍሬን ዘይት አስወጥቶ በአዲስ መተካት ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከጎማው ሥር ሆኖ ብሎኗን ይከፍታል ይዘጋል፣ ሌላው መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል።

«ሰናይት! ነይማ፣ ገብተሽ እርገጪልኝ» ብሎ ተጣራ።

እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ወጣሁ። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ሽታው ተቀበለኝ። የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን አይጮኽም፣ እንደ ሞተር ዘይትም አይከብድም፤ ጣፈጥ ብሎ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ ብሎ ጉሮሮ ሥር የሚቀር፣ አንዴ እጅ ላይ ከፈሰሰ በሳሙና እንኳ ቶሎ የማይለቅ ሽታ አለው። ገብቼ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ታምራት ከታች «እርገጪ» አለ። እግሬን አነሣሁ፤ ፔዳሉ ላይ ሳላሳርፈው አየር ላይ ቀረ። «ረገጥሽ?» አለ።

«አልቻልኩም» አልኩት።

«ምኑ ነው የማይቻለው? እግርሽን ማሳረፍ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ወርጄ ወደ ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን መጥቶ ረገጠለትና ሥራው አለቀ። ኋላ ምን ነካሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ወገቤን አሞኝ ነው አልኩት። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ፣ ያልነገርኩት ነገር ያለ የማይመስለው ሰው ነው። ይህን ግን ነግሬው አላውቅም።

ያደግሁት ቴፒ ነው። ያኔ ቴፒ ዛሬ የምናያት ከተማ አልነበረችም፤ ጫካው እስከ ቤታችን ጓሮ ድረስ የሚመጣ፣ ጦጣ የበቆሎ እሸት ከእኛ ጋር እኩል የሚካፈል፣ ዝናብ ሲመጣ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ በምልክት የሚነጋገሩባት ሞቃት ከተማ ነበረች። የዝናብ ወራት ሲገባ ቀይ ጭቃው ጫማ እየነቀለ ያስቀር ስለነበር፣ አስተማሪዎቻችን ሳይቀሩ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ትምህርት ቤት ደርሰው፣ በራፍ ላይ እግራቸውን ታጥበው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ኮስተር ብለው ክፍል ይገቡ ነበር።

አባባ ከወሎ የመጣ ሰው ነው። በቴፒው የቡና እርሻ ውስጥ ለአንድ ዓመት በመጋዘን ሠራተኛነት ሠርቶ ሊመለስ መጥቶ፣ «ዘንድሮ ዝናቡ ይቁምና እሄዳለሁ» እንዳለ ዝናቡም ሳይቆም እሱም ሳይሄድ ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። ከእርሻው ሲለቅ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። በአንድ ወቅት ሰማያዊ ነበረች ይባላል። የቀኝ በሯ በሽቦ የሚታሰር፣ ጥሩምባዋ ጉንፋን እንደያዘው ፍየል የሚጮኽ፣ በኋላዋ ቡናም ኮረሪማም ሙዝም ጭና ስለምትውል ሁልጊዜ የሦስቱም ሽታ አብሯት የሚዞር መኪና ነበረች። የሰፈሩ ሙሽራ በእሷ ተጭኗል፤ የሰፈሩ በሽተኛ በእሷ ሐኪም ቤት ደርሷል። አባባ መካኒክ አልነበረም፤ ነገር ግን ቴፒ ውስጥ መካኒክ እስኪገኝ ከመጠበቅ መካኒክ መሆን ይቀል ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ጨርቅ አንጥፎ፣ ቁልፎቹን በቁመታቸው ደርድሮ፣ እንደ ቄስ ዝም ብሎ ይሠራ ነበር። እኔ አንድ ልጁ ነበርኩ። ፍሬን በሚሠራበት ቀን ፔዳል ረጋጭ እኔ ነኝ። «እርገጪ» ሲል እረግጣለሁ፣ «ልቀቂ» ሲል እለቃለሁ። እግሬ ስለማይደርስ ከወንበሩ ጫፍ ተንሸራትቼ፣ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ በቁሜ ነበር የምረግጠው። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ከአጥራችን ወዲያ ጋሼ ማርቆስና ሚስቱ እትዬ አስቴር ይኖሩ ነበር። ጋሼ ማርቆስ የአገሩ ተወላጅ፣ የሼኮ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አናጢ፣ በፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያንም የመዘምራን መሪ። የእኛን በርና መስኮት፣ የእኔንም የጥናት ጠረጴዛ የሠራው እሱ ነው። አማርኛን ካደገ በኋላ የተማረው ስለነበር አንዳንዴ እናቴን «አንተ» አባባን «አንቺ» ይላቸው ነበር፤ አባባ «ዛሬ ደግሞ አገባኸኝ» እያለ ይስቅበታል፣ እሱም አፉን በእጁ ይዞ አብሮ ይስቃል። ማመልከቻ የሚጽፍለት አባባ ነው። በእሑድ ጠዋት የእነሱ መዝሙር ግቢያችንን ሲሞላው አባባ «ይሄ ሰውዬ እግዜርን ደንቆሮ አደረገው» እያለ ያማርራል፤ እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር ምቱን ይከተል ነበር። በጾም ወራት እትዬ አስቴር የምትልክልንን ወጥ ቅቤ እንደሌለው ሦስት ጊዜ ምላ ነበር የምትሰጠን። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ጋሼ ማርቆስ አንዲት ጠባብ በር ሠርቶ ነበር፤ መዝጊያ ያላት ግን ተዘግታ የማታውቅ በር።

እትዬ አስቴር ስምንት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልወለደችም ነበር። ለዚህ ይመስለኛል እኔን እንደ ልጇ የምታየኝ። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ በሁለት ጣት ማፏጨት ያስተማረችኝ እሷ፣ እናቴ «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ!» ስትለኝ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ አፏጭታ እኔን የምታስመታኝም እሷ። የዚያን ዓመት አረገዘች። ጋሼ ማርቆስ ደስታው ልኩን አጣ፤ የሕፃኑን አልጋ ገና በሦስተኛው ወር ሠርቶ ጨረሰ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ግን ዕድሜዋም ገፋ ያለ ነው፣ እግሯም ያብጣል፣ ስለዚህ ሚዛን ሐኪም ቤት ሄዳ ብትወልድ ይሻላል አላቸው። ያን ለታ ጋሼ ማርቆስ በትንሿ በር ገብቶ ለአባባ ነገረው።

«ምን ቸገረህ?» አለው አባባ። «መኪናዋ ያንተ ናት። ቀኑ ሲደርስ እኔው አደርሳታለሁ።»

ችግሩ ፍሬኑ ነበር። ከቴፒ ሚዛን ለመሄድ የሼኮን ዳገት ወጥቶ መውረድ ግድ ነው፤ መንገዱ ያኔ ጠጠርና ጭቃ ነበር። የፒክአፗ የፊት ዲስኮች ከመሳሳታቸው የተነሣ ዳራቸው እንደ ቢላ ሆኖ፣ ሸራውም አልቆ ብረት ለብረት ይፋጭ ነበር። ከቁልቁለት በወረደች ቁጥር የተቃጠለ ፍሬን ይሸተናል። አባባ «ነፍሰ ጡር በዚህ አልጭንም» አለና በሰፈራችን ለሚኖር አንድ የጅማ አውቶቡስ ሹፌር መልእክት ሰጠው፤ ዲስኮቹ፣ ሸራዎቹና አንድ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ከአንድ ወር በኋላ መጡ። እትዬ አስቴር ገና ሦስት ሳምንት ይቀራታል ተብሎ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ ለሥራው ተያዘ።

ያ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ነበር። እናቴ ገበያ ወርዳለች፤ ጋሼ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበሮች ሊጠግን ሄዷል። አባባ መኪናዋን አንሥቶ ግንድ ላይ አስቀመጠ፣ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች አወለቀና ከግራ ጀመረ። ግራው እንደ ቅቤ ሄደለት። አዲሱን ዲስክና ሸራ ገጠመ፣ እኔ እየረገጥኩ አሮጌውን ዘይት አስወጣን፣ ከቆርቆሮው አብዛኛውን ጨረስነው። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረ። ሸራዎቹን አቅፎ የሚይዘውን ካሊፐር ፈትቶ በሽቦ አንጠለጠለው። ዲስኩ ግን በዝገት ተጣብቆ እንቢ አለ። ትንሿ መዶሻ ደብድባ ደብድባ ስታቅታት አባባ ላቡን ጠረገና «ከአውቶቡስ ሹፌሩ ቤት ትልቁን መዶሻ አምጥቼ ልምጣ፤ እዚህ ጠብቂኝ» ብሎኝ ወጣ።

ጠበቅሁት። መጀመሪያ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ከዚያ የመኪናዋ ደረጃ ላይ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ። መሪውን ያዝኩ። «ሚዛን! ሚዛን! አንድ ሰው የቀረው!» ብዬ እንደ ረዳት ጮህኩ። እትዬ አስቴርን ፊት አስቀመጥኳት፤ ትራሷን አመቻቸሁላት፤ የሼኮን ዳገት በአፌ እያጓራሁ ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ላም ገባችብኝ። በሁለት እግሬ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ለስለስ አለብኝና ደስ አለኝ፤ ደግሜ ያዝኩ፤ ሌላ ላም አመጣሁ፤ ደግሜ ያዝኩ። አራተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ከቀኝ በኩል ጠርሙስ ሲከፈት የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወርዶ እዚያው ቀረ።

ወርጄ ሳይ፣ ሸራውን የሚገፋው፣ የቡና ሲኒ የምታህለው ብረት ከተንጠለጠለው ካሊፐር ተስፈንጥራ ጭቃው ላይ ወድቃለች። ከተከፈተው አፍ ዘይቱ ይፈሳል። አነሣኋትና እንደ ውታፍ መልሼ ላስገባት ታገልኩ። ስትወጣ አብራት የተጎተተች ቀጭን የጎማ ቀለበት ነበረች፤ በጥፍሬ ስገፋት ጭራሽ ተቀደደች። መዳፌን ቀዳዳው ላይ ለጥፌ፣ ዘይቱ በጣቶቼ መካከል እየወረደ፣ አባባ እስኪመጣ እንዲሁ ቆየሁ።

አባባ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። አየኝ። መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና እጄን ከካሊፐሩ ላይ አነሣው። አልጮኸብኝም። ቆርቆሮውን አንሥቶ ወዘወዘው፤ ከታች ትንሽ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ሦስት ሳምንት አለን» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። «ዘይትና ቀለበት ከጅማ እናስመጣለን። አይዞሽ።»

ሰዓት አልሞላም። ጋሼ ማርቆስ በትንሿ በር ሮጦ ገባ። ከቤተ ክርስቲያን ጠርተውት ኖሯል። አባባን ትከሻውን ይዞ መናገር ጀመረ፤ ነገር ግን የሚናገረው በሼኮኛ ነበር። አማርኛው በሙሉ ከአፉ ጠፍቶበት፣ አባባ አንድ ቃል የማይሰማውን ቋንቋ እየደጋገመ ይነግረው ነበር። ቃሉን ባንሰማም ምን እንዳለ ገብቶናል፤ ከአጥሩ ወዲያ እትዬ አስቴር ስትጮኽ ይሰማ ነበር።

በመጨረሻ አማርኛው ተመለሰለት። «ደም ነው። ሐኪሙ አሁን ሚዛን ውሰዳት አለ። አሁን። ተነሥ!» ከዚያ መኪናዋን አየ። ጎማ የሌላት፣ ግንድ ላይ የተቀመጠች፣ ከሥሯ ዘይት የፈሰሰ። «ምን ሆና ነው? ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

እኔ ከአቮካዶው ግንድ ጋር ተጣብቄ ነበር። ብረቷ እጄ ውስጥ ነበረች። አባባ ወደ እኔ አላየም።

«እኔ ነኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ቸኩዬ… እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ቆሜ አይቻለሁ፤ አንዱንም ግን ላስቆመው አልቻልኩም። አባባ ዲስኩን በትልቁ መዶሻ ሳይሆን የሰው በማይመስል ኃይል ነቅሎ፣ አዲሱን ገጥሞ ጎማዎቹን መለሰ። የቀኙን ቱቦ አጥፎ በሽቦ አሰረውና፣ የቀረችውን ዘይት ጨመረ፤ አልበቃም። ዘይት ፍለጋ እየሮጠ ወጣ። አውቶቡስ ሹፌሩ የለውም፣ የእርሻው መኪና ጠዋት ሚዛን ወርዷል፣ ሱቆቹ ስለ ፍሬን ዘይት ሰምተው አያውቁም። ባዶ እጁን ተመለሰ። አንድ ሽማግሌ የሳሙና ውኃ በዘይት ፋንታ ያገለግላል ሲሉ ሰምቻለሁ አሉ። አባባ ሳሙና በጥብጦ ጨመረ። እኔን «ግቢና እርገጪ» ማለት ሲገባው ጋሼ ማርቆስን አስገባው። ፔዳሉ አንዴ ያዘ፣ ሁለቴ ያዘ፣ በሦስተኛው እስከ ወለሉ ወረደ። ሞተሩን አስነሥቶ ከግቢ ወጣ፤ ቁልቁል ባለችው አጭር መንገድ ሊፈትናት። ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ አንዴ ወደ ግራ ዘለለችና ዝም ብላ ሄደች፤ ያቆማት የትምህርት ቤቱ አጥር ነው።

ዝናቡም ያኔ ጀመረ።

«በቀስታ ንዳት» አለው ጋሼ ማርቆስ፣ የመኪናዋን በር ይዞ። «በቀስታ ብትነዳ እግዚአብሔር አለ።»

«ማርቆስ፣ ቁልቁለቱን አስበው እንጂ! እሷንም አንተንም ገደል ልክተት?»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

አባባ መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ትንሽ ቆየና ወረደ።

እትዬ አስቴርን በቃሬዛ ተሸክመው፣ በሙዝ ቅጠልና በላስቲክ ሸፍነው ወደ ዋናው መንገድ ወሰዷት። አንዱን ጫፍ የያዘው አባባ ነበር፤ ፊቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ከቅጠሉ ሥር እጇ ወጥቶ ይንጠለጠል ነበር፤ ያ ጸጉሬን የሚሠራ እጅ። መንገዱ ዳር አንድ ቡና የጫነ መኪና እስኪመጣ ብዙ ቆምን። ሲጭኗት አባባ ሊወጣ እግሩን ጎማው ላይ አደረገ። ጋሼ ማርቆስ ከላይ ሆኖ አየው።

«አንተ ቅር» አለው።

በማግሥቱ ወሬው ደረሰ። እትዬ አስቴር ተርፋለች። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሚዛን ሳይደርሱ ሞቷል። ከእንግዲህም አትወልድም ተብሏል። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባባ ወደ ጓሮ ይዞኝ ሄደና ጎንበስ ብሎ ሁለቱን እጆቼን ያዘኝ። «ስሚኝ ሰናይት። ያንን ነገር ክፍት ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሕፃን ነሽ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእናትሽም። ይሄ የኔ ነው።» እሺ አልኩት። አሥር ዓመቴ ነበር፤ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ዘይቱና ቀለበቷ ማክሰኞ መጡ። ረቡዕ አባባ ብቻውን፣ ራሱ እየረገጠ ራሱ እየወረደ፣ ሥራውን ጨረሰ። ሐሙስ እትዬ አስቴርን ሊያመጣ ሚዛን ሄደ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲያቆም ጋሼ ማርቆስ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር አሉ። መኪናዋን ጎማ በጎማ አያትና «ዛሬ ሠራች?» ብቻ ብሎ ሚስቱን ደግፎ ወደ አውቶቡስ ተራው ሄደ። አባባ ከኋላቸው ባዶ መኪናውን እየነዳ ቴፒ ገባ። በሳምንቱ ትንሿን በር ጋሼ ማርቆስ በሳንቃ ዘጋት። በንዴት እንኳ ሆኖ ሚስማሮቹን እኩል በእኩል፣ አንዱንም ሳያጣምም ነበር የመታቸው። አባባ መኪናዋን በዓመቱ ሸጣት፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም።

ሰፈሩ የየራሱን ወሬ አወራ። አንዳንዱ አባባ ያልወሰዳት መኪናው በደም እንዳይበላሽበት ብሎ ነው አለ፤ አንዳንዱ ሃይማኖታቸው ስለሚለይ ነው አለ። አባባ ሁሉንም ሰማ፤ አንዱንም አላስተባበለም። እኔ አደግሁ፣ ተማርኩ፣ ሚዛን አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ። ቴፒ በሄድኩ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች በየግቢያቸው ሲያረጁ አይ ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣቸውን ነክተው ያልፋሉ። ጋሼ ማርቆስ ሞተ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አባባ ሞተ።

በቀብሩ ሰሞን እትዬ አስቴር በየቀኑ በዋናው በር እየዞረች መጥታ ከሴቶቹ መካከል ትቀመጥ ነበር። ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት ቤቷ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ቦሎቄ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። መኪናዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። አባባ እኔ ነኝ ያለው እኔን ለመሸፈን ነው አልኳት።

እጇ ቦሎቄው ላይ ቀረ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አሥር።»

«አሥር።» ራሷን ወዘወዘች። «ማርቆስ እኮ በልጁ አልነበረም የተቀየመው። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ ይል ነበር። አባትሽ ያን ቀን ዐይኑን ሸሸው። 'የደበቀኝ ነገር አለ፤ ወዳጄ ደበቀኝ' እንዳለ ነው የሞተው። ሕፃኗ ናት ቢባል… አንቺን እንዴት ይወድሽ እንደነበር ታውቂያለሽ? የዚያኑ ዕለት ያን ሳንቃ ይነቅለው ነበር።»

እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ማርቆስ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ መጥተሽ ጠይቀሽዋል። ብርቱካን ይዘሽ።»

«አዎ።»

«ስለ አባትሽ ጠየቀሽ አይደል?»

«ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ደህና ነው አልኩት።»

ቦሎቄውን እንደገና መልቀም ጀመረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያለፈ ነገር እንደሚያወራ ሰው ነበር የምትናገረው። «አንቺ እንደወጣሽ 'አሁን ትነግረዋለች፣ ይመጣል' አለኝ። ውኃ አሙቄ ፂሙን ላጨሁት። ነጩን ሸሚዜን አልብሺኝ አለኝ። ትራስ ደርቤለት በሩን ሲያይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ነው ያረፈው።»

ጋሼ ማርቆስን የጠየቅሁት ዕለት አባባ እቤቱ ነበር። ከእነሱ ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠበቀኝ፤ እሱም ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ነበር፤ ለምን እንደለበሰ ግን ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

«ማርቆስ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።